«አንድ መርፌ ያድናታል» ስለተባለው የዓይን ጂን ሕክምና

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲመሽ አታይም፤ ቤት ውስጥ እንኳ መብራቱ ደብዘዝ ካለ ዕቃ ያደናቅፋታል። ሐኪሞች በዘር የሚተላለፍ የሬቲና በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም አሉን። ባለቤቴ ደግሞ በአንድ መርፌ የሚያድን የጂን ሕክምና መጥቷል ሲባል ሰምቶ ቤታችንን እንሽጥ ይላል። እውነት ነው? ሁለት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሟስ እንደ እሷ ይሆናል?»

እህቴ፣ ባለቤትዎ የሰሙት ወሬ ባዶ አይደለም። ሕክምናው አለ። ሉክስተርና ይባላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዲሴምበር 2017 ፈቅዶታል፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2018። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን በዘር ለሚመጣ የዓይን በሽታ ሁሉ የሚሰጥ ሕክምና አይደለም። አርፒኢ65 የሚባል አንድ ጂን፣ ያውም ከእናትም ከአባትም የተወረሱት ሁለቱም ቅጂዎቹ ለተበላሹበት ሰው ብቻ የተሠራ ነው። ሬቲናን፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ንብርብር፣ በዘር የሚጎዱ ጂኖች ደግሞ እስካሁን የታወቁት ከ250 በላይ ናቸው። ስለዚህ ቤት መሸጥ ይቅርና የጉዞ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ የልጅዎ ሕመም የመጣው ከየትኛው ጂን ነው? በጻፉልኝ ውስጥ የጂን ስም አላየሁም። እሱ ሳይታወቅ እኔም ሆንኩ ሌላ ሐኪም «ይሆናታል» ወይም «አይሆናትም» ማለት አንችልም።

«ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ» ወይም «ሌበር ኮንጀኒታል አማውሮሲስ» ተብሎ ተጽፎልዎት ከሆነ፣ ያ ገና የግማሽ መንገድ ምርመራ ነው። ሐኪሙ በመሣሪያ ያየውን መልክና ልጅቷ የምታሳየውን ምልክት ይገልጻል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የሌበር በሽታ ብቻውን ከ20 በላይ በሆኑ ጂኖች ሊመጣ ይችላል፤ ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳማ ከዚያም በብዙ ይበልጣል። ከሕፃንነት የጀመረ ጽኑ ዳፍንት አርፒኢ65ን ያስጠረጥራል። እነዚህ ልጆች ብርሃን ይወዳሉ፤ ገና በእቅፍ ሳሉ አምፖል ወይም መስኮት ላይ ትኩር ብለው ይቀራሉ፤ ዓይናቸው ያለ ዕረፍት ወዲህ ወዲያ ይላል። ግን ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ጂኖችም ስላሉ በምልክት ብቻ መፍረድ አይቻልም።

አርፒኢ65 ምን እንደሚሠራ ትንሽ ላስረዳ፤ ሕክምናው ምን ሊሰጥ ምን ሊነፍግ እንደሚችል የሚገባዎት ከዚህ ተነሥተው ነው። ብርሃን ሬቲና ላይ ሲያርፍ የሚቀበለው ከቫይታሚን ኤ የተሠራ ጥቃቅን ሞለኪውል ነው። ሞለኪውሉ ብርሃን ሲነካው ቅርጹ ይቀየራል፤ ለአንጎል የሚሄደው መልእክት የሚነሣውም ከዚያ ነው። ቅርጹ አንዴ ከተቀየረ በኋላ ግን ታድሶ ወደ ቀድሞው ካልተመለሰ ሁለተኛ ብርሃን አይቀበልም። እድሳቱ የሚካሄደው ከሬቲናው ጀርባ በተነጠፈው ባለ ቀለም የሕዋሳት ንብርብር ውስጥ ሲሆን፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው አርፒኢ65 የሚያዝዘው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ከሌለ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ በሕይወት እያሉም የሚሠሩበት ነገር ያጣሉ። ዘይት ያለቀበት ኩራዝ ማለት ናቸው፤ ዘይት ቢጨመርበት ይበራል። የዚህ በሽታ ልዩ ዕድልም ይኸው ነው። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ሕዋሳቱ ራሳቸው እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ለተሰበረ ኩራዝ ደግሞ ዘይት አይረዳውም። በብዙዎቹ ሌሎች ጂኖች የሚሰባበረው ኩራዙ ራሱ ስለሆነ ነው የዚህ ሕክምና ስኬት በቀላሉ ያልተደገመው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከውሻ ነው። ብሪያርድ በሚባለው የውሻ ዝርያ ውስጥ በዚሁ ጂን ጉድለት ምክንያት ሳያዩ የሚወለዱ ቡችሎች ነበሩ። በ2001 ተመራማሪዎች ጤነኛውን ጂን ዓይናቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ውሾቹ ማየት ጀመሩ፤ ከመካከላቸው ላንስሎት የተባለው ውሻ ስሙ በዓለም ታወቀ። በ2008 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ በሰዎች የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች ውጤት ወጣ። የፊላዴልፊያውን ሥራ የመሩት ዣን ቤኔትና አልበርት ማጓየር የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ናቸው፤ ሉክስተርና የተወለደው ከእነሱ ድካም ነው።

ጤነኛውን ጂን ወደ ሕዋሱ የሚያደርሰው አዴኖ አሶሲየትድ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤኤቪ የሚባል በጣም ትንሽ ቫይረስ ነው። በሰው ላይ በሽታ ሲያመጣ አይታወቅም፤ የራሱ ጂኖችም ወጥተው በምትካቸው አርፒኢ65 ስለገባበት መራባት አይችልም። ዓይን ለዚህ ሕክምና የተመቸ አካል ነው። ትንሽ ስለሆነ ጥቂት መጠን ይበቃዋል፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል እዚያ ውስጥ እንደ ሌላው አካል አይቆጣም፤ የሬቲና ሕዋሳት ስለማይከፋፈሉ የገባው ጂን አብሮ ይኖራል።

አሁን «መርፌ» ወደተባለው ልምጣ። ክንድ ላይ እንደሚወጋ ክትባት ካሰቡት ትክክል አይደለም፤ ኦፕራሲዮን ነው። ልጆች ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣቸዋል። ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፍትና ቪትሪየስ የሚባለውን፣ ዓይንን ከውስጥ የሞላውን ዝልግልግ ነገር ያወጣል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ቱቦ እስከ ሬቲናው ድረስ አስገብቶ ጫፉን በቀስታ ያስነካዋል፤ ከሬቲናው ሥርም 0.3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይለቃል። በዚያች ጠብታ ውስጥ 150 ቢሊዮን የጂኑ ቅጂ አለ። ፈሳሹ በገባበት ቦታ ሬቲናው ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ከፍ ይላል፤ ቫይረሱ ከኋለኛው የሕዋሳት ንብርብር ጋር የሚገናኘው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ይህ ደቂቃ ለቀዶ ሐኪሙ ትንፋሽ የሚያስውጥ ነው፤ ግፊቱ ከበዛ የዕይታችን እንብርት የሆነው የማኩላው መሐል ስስ ስለሆነ ሊቀደድ ይችላል። በመጨረሻ ዓይኑ በአየር ይሞላል፤ ልጁም ለ24 ሰዓት በተቻለ መጠን በጀርባው ይተኛል። የአየሩ አረፋ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሐኪም እስኪያረጋግጥ ድረስ አውሮፕላን መሳፈርም ሆነ ከፍታ ቦታ መውጣት ክልክል ነው፤ አረፋው ተለጥጦ የዓይን ግፊትን ክፉኛ ይጨምራል። ሁለተኛው ዓይን የሚሠራው ቢያንስ ከ6 ቀን በኋላ ነው። ከኦፕራሲዮኑ ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ የሚዋጥ ስቴሮይድ ይሰጣል። የዓይን ሞራ፣ የግፊት መጨመር፣ የሬቲና መቀደድና ኢንፌክሽን ሊከተሉ ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ይታከማሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ውጤቱስ? ፈቃዱ የተገኘበት ጥናት የለካው ነገር ደስ ይለኛል፤ የወላጅን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳልና። አንድ ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር በሆነ መድረክ ላይ ቀስት ተሥሎ መሰናክል ይቀመጥበታል። ልጁ ቀስቱን ተከትሎ ዕቃ ሳያደናቅፈው እንዲወጣ ይጠየቃል። መጀመሪያ ብርሃኑ ቢሮ ውስጥ እንዳለው 400 ሉክስ ነው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ጨረቃ እንደሌለበት ምሽት እስከሚሆን 1 ሉክስ ድረስ ይወርዳል። መንገዱን በቃል እንዳያጠኑት 12 ዓይነት አቀማመጥ ተዘጋጅቶለታል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናውን ካገኙት 20 ሰዎች 13ቱ በመጨረሻው ጨለማ ሳይቀር መንገዱን አለፉ፤ ካላገኙት መካከል ይህን ያደረገ አንድም አልነበረም። ከዚህ ቀደም ሲመሽ የእናታቸውን ቀሚስ ጨብጠው ይሄዱ ለነበሩ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

በሌላ በኩል፣ በዚያው ጥናት የንባብ ዕይታ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰንጠረዥ የማንበብ ችሎታ፣ በአኃዝ ረገድ አስተማማኝ የሚባል ለውጥ አላሳየም። ልጅዎ ለዚህ ሕክምና ብትበቃ ማታ በራሷ መንቀሳቀስ ትችል ይሆናል፤ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ለፊት የምትቀመጥበት ምክንያት ግን ላይቀር ይችላል። «ያድናታል» የሚለውን ቃል ከልብዎ አውጡት የምልዎት ለዚህ ነው። ውጤቱ የሚቆይበትን ጊዜ በተመለከተ፣ በሉክስተርና የታከሙት ሰዎች የመንቀሳቀስ ችሎታቸው ለዓመታት እንደቆየ ታይቷል። ይሁንና በሌላ ዓይነት የዚሁ ጂን መድኃኒት የታከሙ ሰዎች ላይ በ2015 የወጡ ሁለት ጥናቶች ማሻሻያው ከጊዜ በኋላ እየቀነሰ እንደሄደ አሳይተዋል። አንዳንድ ታካሚዎች ደግሞ መርፌው ባረፈበት አካባቢ ሬቲናቸው ቀስ በቀስ ሲሳሳ ታይቷል። ማንም ሐኪም «ለዕድሜ ልክ ነው» ካለዎት ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

ጂኑ አርፒኢ65 ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ በሕይወት ያለ ሬቲና ምን ያህል ቀርቷታል? ይህ የሚታየው ኦሲቲ በሚባል ሕመም በሌለው የዓይን ምስል ነው። ወደ ጥናቱ ለመግባት ከተጠየቁት መመዘኛዎች አንዱ በመሐለኛው የሬቲና ክፍል ከ100 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ) በላይ ውፍረት መኖሩ ነበር። ስምንት ዓመት ገና ለጋ ዕድሜ ስለሆነ ተስፋ አለ። ግን ጊዜ የማይጠብቅ ስለሆነ ምርመራውን ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር አይገባም።

ሌላ ጂን ከሆነስ? እዚህ ላይ መልሴ እንደ ጂኑ ይለያያል። ቫይረሱ ሊሸከም የሚችለው 4,700 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ነው። ስታርጋርት የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ኤቢሲኤ4 የተባለው ጂን መመሪያው ብቻ 6,800 ያህል ፊደል ስላለው አይገባበትም፤ ጂኑን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ቫይረስ የማስገባት ሙከራ እየተካሄደ ነው። አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ በሽታ በሚያመጣባቸው ጂኖች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኛ መጨመር አይበቃም፤ የተበላሸው ዝም መባል አለበት። ልክ የሚመስሉ ሙከራዎችም ወድቀዋል፦ ኮሮይዴሬሚያ ለሚባለው በሽታ የተሠራው መድኃኒት በ2021 በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ዓላማውን አልመታም፤ አርፒጂአር ለሚባለው ጂን የተሠራ ሌላ መድኃኒትም በ2025 እንዲሁ። ወላጆች እነዚህን ዜናዎች ሲሰሙ ያዝናሉ፤ እኔም አዝናለሁ፤ ግን አደባባይ የወጣ ውድቀት ሌሎች ልጆችን ከማይጠቅም ኦፕራሲዮን ያድናል።

ልብ የሚያሞቅም አለ። በ2025 መጀመሪያ የለንደን ሐኪሞች ኤአይፒኤል1 በሚባል ጂን ጉድለት ከልደት ጀምሮ ከብርሃንና ጨለማ በቀር ምንም የማይለዩ አራት ሕፃናትን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው፣ አንድ አንድ ዓይናቸውን አክመው ሕፃናቱ ዕቃና ሰው መለየት መጀመራቸውን አሳወቁ። ሲኢፒ290 የሚባለው ጂን ደግሞ ቫይረሱ ውስጥ ስለማይገባ ክሪስፐር የተባለውን የጂን መቀስ ዓይን ውስጥ አስገብቶ ጉድለቱን እዚያው የማረም ሙከራ በ2020 ተጀመረ፤ በ2024 በወጣው ውጤት ከ14 ታካሚዎች 11ዱ ቢያንስ በአንድ መለኪያ መሻሻል አሳይተዋል። ሬቲናው ፈጽሞ ለሞተበት ሰው ደግሞ ጂኑ ምንም ይሁን ምን የተረፉትን የነርቭ ሕዋሳት ብርሃን እንዲቀበሉ የሚያደርግ ኦፕቶጄኔቲክስ የሚባል መንገድ አለ። በ2021 ዕድሜው 58 ለሆነ ዓይነ ስውር ሰው በልዩ መነጽር አማካኝነት ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃን ቦታውን ለይቶ መንካት አስችሎታል። ጅምር ነው፤ ግን ጅምርነቱን እያወቁ ቢጠብቁት ያዋጣል።

በነገራችን ላይ፣ «የሌበር በሽታ» ስለሚባል ሌላ የጂን መርፌ ከሰሙ፣ ያ ጎልማሶችን በድንገት የሚያሳውር፣ ከእናት ብቻ የሚወረስ የዓይን ነርቭ በሽታ ነው። ሁለቱም በጀርመናዊው የዓይን ሐኪም በቴዎዶር ሌበር ስም ስለሚጠሩ ብዙ ቤተሰብ ያምታታሉ፤ ከልጅዎ ጋር ግንኙነት የለውም።

የጂን ምርመራው ከደም ወይም ከምራቅ ይወሰዳል። ሲያዝዙ የአንድ ጂን ሳይሆን በርካታ የሬቲና ጂኖችን በአንድ ጊዜ የሚያይ ምርመራ ይጠይቁ። እርስዎና ባለቤትዎም ናሙና ስጡ። ምክንያቱም በጂኑ ላይ ሁለት ለውጦች ቢገኙባት አንዱ ከእርስዎ አንዱ ከአባቷ መምጣቱ ካልተረጋገጠ ሁለቱም በአንድ ቅጂ ላይ ተቀምጠው ሌላኛው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሪፖርቱ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ቢል ደግሞ «ተገኘ» ማለት አይደለም፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሕክምና አይሰጥም። ከሦስት ሰው አንድ ያህሉ ምክንያቱ ሳይገኝ ይመለሳል። ያም ቢሆን ፋይሉን አይጣሉት፤ ዕውቀት ሲጨምር ያው ውጤት እንደገና ሲታይ መልስ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር። ሉክስተርና አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ ለሁለቱ ዓይን 850,000 ዶላር ነበር። ይህን ከኪሱ የሚከፍል ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል፤ የጤና መድን ወይም መንግሥት ነው የሚከፍለው፣ ለምሳሌ እንግሊዝ በ2019 ወስና በሕዝብ ጤና አገልግሎቷ ትሸፍናለች። ቤትዎ ተሸጦ ይህን አይሞላም። በተሸጠ ቤት ኪሳቸውን የሚሞሉት አጭበርባሪዎች ናቸው። «ስቴም ሴል» (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ወይም «ጂን» ብለው ማንኛውንም የሬቲና በሽታ፣ ጂኑ ሳይታወቅ፣ ሁለቱን ዓይን በአንድ ቀን እንወጋለን የሚሉ ክሊኒኮች አሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ለእንዲህ ያለ የስቴም ሴል መርፌ ከፍለው ዕይታቸውን ክፉኛ እንዳጡ በ2017 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። እውነተኛ የክሊኒካል ሙከራ ታካሚውን ለሚሞከረው መድኃኒት አያስከፍልም። ይህን መለኪያ ይያዙት። ደግሞም ያልታወቀ መርፌ ዓይኗን ቢጎዳ፣ ነገ እውነተኛው ሲመጣ አትበቃም ተብላ ልትቀር ትችላለች።

ቫይታሚን ኤ በብዛት አይስጧት። ዳፍንት ሲባል ብዙ ሰው ወደዚያ ይሮጣል፤ እርግጥ ከምግብ እጥረት የመጣ ዳፍንት በቫይታሚን ኤ ይድናል፣ ሐኪምዎ ያንን ማጣራቱንም ይጠይቁ። በዘር ለመጣው ግን አይረዳም፤ በስታርጋርት ዓይነቱ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል። ይልቅ የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ፦ ሬፍሰም በሽታን የመሰሉ፣ ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳን መስለው የሚመጡ ግን በምግብ ቁጥጥር የሚገቱ ጥቂት በሽታዎች። የጂን ምርመራው እነዚህንም ያወጣል፤ ይህ ብቻውን እንኳ ምርመራውን ለማሠራት በቂ ምክንያት ነው።

ትንሹ ልጅዎን በተመለከተ፣ በሽታው እርስዎና አባቱ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዛችሁ የመጣ ዓይነት ከሆነ፣ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እናንተ ጤነኛ የሆነው ሁለተኛው ቅጂ ስለሚበቃችሁ ምንም ሳይሰማችሁ ኖራችኋል። ማወቅ የምትችሉበት መንገድ አልነበረም፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ስለዚህ የእህቱ ጂን እንደታወቀ እሱም ይመርመር፤ ዓይኑ ደህና መስሎ ቢታይም። ሉክስተርና ከ12 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም፤ እሱ ያንን አልፏል። ቢኖርበት በሕይወት ያለው ሬቲና ዛሬ ያለውን ያህል ነገ አይኖረውም።

እስከዚያው ልጅቷ ክፍል ውስጥ ከፊት፣ ብርሃን በበዛበት ቦታ ትቀመጥ፤ መጻሕፍቷ በትልልቅ ፊደል ይሁኑ፤ የማጉያ መነጽር አጠቃቀምና ሲመሽ በዱላ መንቀሳቀስ ትማር። ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ሕክምናውን ያገኙ ልጆችም የሚያስፈልጋቸው ነው። ውጤቱ ሲደርስዎ የጂኑን ስም፣ ሪፖርቱ ላይ የተጻፉትን ሁለት ለውጦች እንዳሉ፣ እንዲሁም የኦሲቲውን ምስል ይላኩልኝ፤ የልጅቷን ስም ግን መጀመሪያ ያጥፉት።